ያለቦታው የገባ አባውት

የሰውየውን ስም አልጽፍም። ንፋስ መውጫ ትንሽ ከተማ ናት፤ ያልጻፍሁትንም ያነብቡታል። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ነበር ብል ይበቃል። በስሩ ሦስት መምህራን ነበርን፤ አንዷ እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣነው በአንድ ዓመት ነው፤ ዛሬም የምንኖረው በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። እዚህ «እሱ» እያልሁ ልጻፍ እንጂ ፊት ለፊት አንቱ ስለው ነው የኖርሁት።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ቃል ነው። እኛ በአማርኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» እንላለን። ስለዚህ የእኛ ሰው በእንግሊዝኛ «ዲስከስ» ካለ ስለ የሚለውን «አባውት» ሳይጨምር አያርፍም። «ሪተርን» ካለም ወደ ኋላ የሚለውን «ባክ» ይቀጥልበታል። እንግሊዝኛው ግን አይፈልገውም። «ዲስከስ» ብቻውን ስለ አንድ ነገር መወያየት ነው፤ «ሪተርን»ም ብቻውን ወደ ኋላ መመለስ ነው። ለተማሪዎቼ «ዲስከስ እርጉዝ ናት፤ ‹ስለ›ን በሆዷ ይዛለች፤ እናንተ ደግሞ ሌላ በጀርባዋ አታሳዝሏት» እላቸው ነበር። ይስቃሉ፤ አይረሱትም።

ይህ ወሬ ኃላፊው ጆሮ ደረሰ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ ሁሉም ባለበት፣

«አንቺ፣ እንግሊዝኛ ነው አዋላጅነት የምታስተምሪው?» አለኝ።

ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ጊዜ በራሴ ላይ አብሬ መሳቅ እችልበት ነበር።

ወደ ንፋስ መውጫ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ተብሎ ነው። ያን ጊዜ አሥራ አንድ ሊሞላኝ ነበር። ከተማዋን ንፋስ መውጫ ያሏት ሰዎች ምን አይተው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ንፋሱ በበሬ ስር ሲገባ እንጂ ሲወጣ አላየሁም። እናቴ ደብረ ታቦር ብቻዋን ነበረች። ዓይኗ ደክሞ እሳትና ውኃ መለየት አቅቷት ነበር። በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ አስገባለሁ፤ በየዓመቱ «ተተኪ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። በሩቅ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ስሰማ ልቤ ደብረ ታቦር ይደርስና ደወል ሲደወል ወደ ሰባተኛ ክፍል ይመለሳል።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ደብረ ታቦር ባለ አንድ ትምህርት ቤት በውድድር የሚሞላ ቦታ ተገኘ። ፈተናው በእንግሊዝኛ አንድ ድርሰት መጻፍ ነው፤ የሚታረመው እዚያው በየትምህርት ቤታችን፣ በክፍል ኃላፊው ነው። ጻፍሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍሁት ነገር የለም።

ወረቀቱ ሲመለስ «ዲስከስ» ባልሁበት ሦስት ቦታ በቀይ «አባውት» ገብቶበታል። በሦስቱም ተቀንሶብኛል። «ሪተርን» ካልሁት ኋላም «ባክ» ቆሟል። ለማለፍ ሁለት ነጥብ ጎደለኝ።

መዝገበ ቃላቴን በነጠላዬ ስር ይዤ ቢሮው ገባሁ።

«ይኸውና፤ ያዩልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ገልጦ አላየውም። «ሁላችን ስንናገረው የኖርነው ስሕተት ነው፤ አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው?»

«እኔ አይደለሁም ያልሁት፤ መጽሐፉ ነው።»

«መጽሐፉ ወረቀት ሊቆጥብ ነው አባውትን የተዋት።»

«እንግዲያው ቅሬታ አቀርባለሁ።»

«መብትሽ ነው። በእኔ በኩል አቅርቢያ!»

አቀረብሁ። በእሱ በኩል። የት እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ለቀብሯ የአራት ቀን ፈቃድ የፈረመልኝም እሱ ነው።

ከዚህ የሚብሰውን ልጻፍ። የክፍል ፈተናውን የሚያወጣው እሱ ስለነበር፣ በእኔ ትምህርት «አባውት» ያልጨመረ ልጅ ሁሉ ነጥብ ይቀነስበት ጀመር። አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«ቲቸር፣ እርጉዝ ናት ያሉን እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«ለፈተናው ጨምሪ» አልኋት።

«እና የትኛው ነው ልክ?»

«ተቀመጭ!» አልኋት፤ ጮኼ።

ከዚያ ወዲያ ያቺን ቀልድ ተውኋት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስሕተቱን በገዛ እጄ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖርሁ። የዝውውሩን ዕድል እርሱ ወሰደብኝ፤ በኋላ የመጡትን ዓመታት ግን እኔው ራሴ ነኝ የሰጠሁት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ ላይ፣ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ እሱ ነው። ከዘራ ይዟል፤ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀትም በብብቱ።

«እንዴት ከረሙ እመይቴ?» አለኝ።

አንቱ ሲለኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። አንድ ነገር ሊጠይቀኝ እንደመጣ ያወቅሁት በዚህ ነው።

የመጨረሻ ልጁ ባሕር ዳር ተምራ ጨርሳለች። ውጭ አገር ነጻ ትምህርት ለማግኘት ስለራሷ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ ነበረባት። በቴሌግራም ላከችለት፤ እሱ አሳተመውና አረመው። ልጅቱ እርማቱን አይታ «አባ፣ ያንተን እርማት እትዬ ካላዩት አልልከውም» አለችው። እትዬ ያለችው እኔን ነው። የሚላክበት ቀን ደግሞ በማግስቱ ነበር፤ ኔትወርኩም እንደ ልማዱ መጣ ሄድ ይላል።

ወረቀቱን ተቀብዬ ተቀመጥሁ። ልጅቱ ልክ ጽፋለች፤ ከስልኳ ይሁን ከሌላ ቦታ ተምራዋለች፤ ከእኔ እንዳልሆነ ግን እኔ አውቃለሁ። በመሐሉ በአባቷ የተንቀጠቀጠ ጽሑፍ «አባውት»፣ «ባክ»፣ እንደገና «አባውት»።

ዝም ብዬ ልመልስለት እችል ነበር። «ጥሩ ነው፤ ላኩት» ማለት ብቻ ነው። አፌ ላይ ነበረ። ግን ልጅቱ ምን አደረገችኝ? እስክሪብቶ አንስቼ የጨመረውን ሁሉ አንድ ባንድ ሰረዝሁት። እሱ ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ ያያል።

«ያኔም አውቅ ነበር» አለ ድንገት።

«ምኑን?»

«አባውት እንደማያስፈልገው። ቅሬታሽን ያመጣሽ ዕለት ማታውኑ ገልጬ አየሁት።» ወደ «አንቺ» ተመለሰ፤ ሳያውቀው። «ሦስት ብቻ ናችሁ፤ አንቺ ብትሄጂ ስምንቱን ክፍል ማን ይይዝልኛል? አንዴ ስሕተት ነው ካልሁ በኋላስ እንዴት ልክ ነው ልበል? እያልሁት እያልሁት እጄ ለመደ። ይኸው ለልጄም ጨመርሁባት።»

ብዙ ዓመት ይህን ሰው በልቤ ስሰድበው የኖርሁት አያውቅም ብዬ ነበር። ባለማወቁ እንኳ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

ባዶ ወረቀት ፊቱ አደረግሁለት።

«ይጻፉልኝ።»

«ምን ልጻፍ?»

«ያጠፉትንና ይቅርታዎን። በእንግሊዝኛ። በእንግሊዝኛ አይደል የቀጡኝ?»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። መነጽሩን አወጣ፤ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። መልሷ ልክ ነበር፤ እያወቅሁ ስሕተት ነው አልኋት የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር፤ ይኸኛው ደህና ነው። ቀጥሎ «አይ አፖሎጃይዝ ዩ» ብሎ ፈረመበት።

አየሁት። በአማርኛ «ይቅርታ እጠይቅሻለሁ» ብሎ ማቆም ይቻላል። በእንግሊዝኛ ግን በ«አፖሎጃይዝ»ና በ«ዩ» መሐል «ቱ» የምትባል ትንሽ ቃል ካልገባች ይቅርታው ለሰውየው አይደርስም። ዕድሜውን ሙሉ የማያስፈልገውን ሲጨምር የኖረ ሰው ለእኔ ሲሆን የምታስፈልገውን አንዷን አጎደላት።

«ጎድሏል» አልሁት።

«ምን ጎደለ?»

«ፈልገው።»

አንተ አልሁት። ሁለታችንም ሰማነው። የልጁን ወረቀት በፌስታሉ ጠቅልዬ ሰጠሁትና በሩን ከፈትሁለት። የእሱን ወረቀት ግን እኔ አስቀረሁት።

ልጅቱ ነጻ ትምህርቱ ደርሷታል፤ ውጭ ሄዳለች። እኔ እዚሁ ነኝ፤ እሱም እዚሁ ነው። ልጁን ቢጠይቃት በአንድ ደቂቃ ትነግረዋለች፤ ግን ዓረፍተ ነገሩን ሊነግራት ነው፤ ለማን እንደ ጻፈውም ትጠይቀዋለች። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መንገድ ላይ ጠብቆ ያገኘኛል።

«የጎደለው ዊዝ ነው?» ይለኛል።

«አይደለም።»

ባለፈው እሑድ ደግሞ «ፎር ነው አይደል?» አለኝ።

«አይደለም» አልሁትና ነጠላዬን አስተካክዬ አለፍሁት።