የጠርሙስ አጣቢው ጎመን

ሰፈርተኛው “ዶክተር” ይለዋል፤ እሱ ግን ጠርሙስ አጣቢ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ የመስታወት ዕቃ ሲያጥብ የኖረ፣ እጁ በበረኪና የተላላጠ፣ ነጭ ጋዋኑን ሳያወልቅ ቤቱ የሚገባ ሰው። ስሙ የወጣለትም በጋዋኑ ነው። ሚስቱ እንኳ ስትቀልድበት “ዶክተሬ፣ ለጉልበቴ ምን ታዝልኛለህ?” ትለው ነበር። ምነው ጉልበቷን ብቻ ባመማት!

ካንሰሩ ከጡቷ ተነስቶ ጉበቷ ከደረሰ በኋላ፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ ነው ብለው ወደ ቤት መለሷት። በዚያው ሰሞን የላቦራቶሪው ተመራማሪዎች ከጥቅል ጎመንና ከአበባ ጎመን ያወጡትን ንጥረ ነገር በካንሰር ሴሎች ላይ ይሞክሩ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አንዷ ተመራማሪ ጠራችውና በማይክሮስኮፕ አሳየችው። ትናንት የመሞከሪያውን ሳህን ሞልተውት የነበሩት የካንሰር ሴሎች ተጨማደው፣ ተበታትነው ሞተዋል። ሰውየው ዓይኑን ማንሳት አቃተው። ተመራማሪዋ ያሰበው ገባትና ደነገጠች፤ ሳህንና ሰው ለየቅል ናቸው፣ ሳህን ላይማ አንተ የምታጥብበት በረኪናም ይገድለዋል አለችው። እውነቷን መሆኑን አላጣውም። ግን ምን ያደርጋል፣ ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል ይባል የለ፤ በዚያው ቀን ሁለት ጥቅል ጎመን ታቅፎ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጎመን ጎመን ሸተተ። ጠዋት ጭማቂ፣ ቀን ጥሬው ተከትፎ፣ ማታ በእንፋሎት ለብ ብሎ። ብዙ ከተቀቀለ ኃይሉ ይጠፋል ሲባል ስለሰማ ሴት ልጁን እንኳ አላምን ብሎ ራሱ ያበስላል። ሚስቱ ብርቱካን አማረኝ ስትለው፣ ለጎመኑ ቦታ ያሳጣል ብሎ ከለከላት። ጨክኖባት አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት እንዳትሞትበት ነው። እሷም ፊቷን ሳታጨማድድ ትውጥለታለች፤ ዘወር ሲል ታስመልሳለች።

ሁለት ወር እንዲህ ከሆነ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ሳህኑን ይዞ መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ልጁ ስታለቅስ ሰማ። እሱ ገና ሳይርቅ ነው የምታስመልሺው፣ ለምን በቃኝ አትዪውም እያለች እናቷን ትለምናለች።

“ተይው ልጄ” አለች እናት። “መድኃኒትነቱ ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ ነው። ይህን ብከለክለው በምን ይቆማል?”

ሰውየው ገባ፤ ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀምጦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያፈረ ሰው ድምፅ ነበር ድምፁ።

“ምን ያምርሻል? ያልሽውን፣ አሁኑኑ ሄጄ አመጣልሻለሁ።”

ብዙ አሰበች። እንዳታሳዝነው የሚያምራት ነገር ስትፈልግ ታስታውቃለች።

“በፊት ብዙ ነገር ያምረኝ ነበር” አለችው በመጨረሻ። “አሁንስ ቀረ። ያንኑ ይዘህ የመጣኸውን አምጣው።”

እሱም ጎንበስ ብሎ ሳህኑን አነሳና፣ እንባው እየወረደ አጎረሳት።