የተፋቀችው ፊደል

እጄ ላይ ጠመኔ እንዳለ ነው ከክፍል የወሰዱኝ። ያስገቡኝ ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። መጀመሪያ የተቀበለኝ የሻገተ ገብስ ሽታ ነው፤ ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተደረደረ ሰው አየሁ። አንዱ እግሩን አጥፎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ጥፋቴ አንድ ደብተር ነው። ላሊበላ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ያደግሁት ግን በአባቴ ጉባኤ ቤት ነው። አባቴ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። እዚያ ቤት ቃል በአንድ ፍቺ አይለቀቅም፤ «አንድም» እየተባለ ትርጓሜው ይከታተላል። ይህን ልማድ ይዤ እንግሊዝኛው ውስጥ ገባሁ። አንድ ቃል እመርጥና በየሙያው ምን ማለት እንደሆነ መምህራኑን እየጠየቅሁ እጽፋለሁ። ያሳሰረችኝ ገጽ «ሴል» የምትለዋ ቃል ያለባት ናት። አንድም የሥጋና የቅጠል ሕዋስ፤ አንድም የባትሪ ድንጋይ፤ አንድም አሸተን ማርያም ገዳም እንዳለው ያለ የመነኩሴ በአት፤ አንድም የእስረኛ ክፍል፤ አንድም የሕቡዕ ፓርቲ ትንሿ ቡድን።

በአባቴ ቤት ሌላም ሥርዓት አለ። ከሰው የተቀበልከውን ትርጓሜ የራስህ አስመስለህ አትናገርም፤ የሰጠህን መምህር ትጠራለህ። የሚደብቅ ሌባ ነው። ስለዚህ ከሰው ካገኘሁት ፍቺ ጎን የሰጪውን ስም የመጀመሪያ ፊደል አስቀምጥ ነበር። ሕዋሱን የነገረኝ የሳይንስ መምህሩ ነው፤ የባትሪውን የሒሳቡ። የመጨረሻውን፣ የፓርቲውን፣ የነገረኝ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ነው። አንድ ቤት ተከራይተን፣ ከአንድ ሳህን እየበላን ሦስት ዓመት ኖረናል።

በዚያ በደርግ ዘመን እንዲህ ያለ ገጽ ምን እንደሚያመጣ አላሰብኩም። የጉባኤ ቤት ልጅ ሞኝነት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካድሬው ፊት አቀረቡኝ። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቃላት ጥናት ነው፣ ጓድ።»

«ፓርቲ በሴል እንደሚደራጅ የምታስጠናው ማንን ነው? እነዚህ ፊደሎች የምን ምልክት ናቸው? ይቺኛዋስ ለምን ተፋቀች?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከመጨረሻው ፍቺ ጎን የነበረችው ፊደል የለችም። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ በምላጭ፣ በጥንቃቄ ተፍቃለች። ሁለቱ ፊደሎች ግን እንዳሉ ናቸው። ደብተሩ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም፤ የፋቅሁትም እኔ አይደለሁም።

ማን እንዳሳሰረኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ጓደኛዬ ራሱን አወጣና እኔንና ሁለቱን መምህራን እዚያው ገጽ ላይ ትቶ ደብተሩን ሰጣቸው። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ። ከመናደዴ በፊት አፈርኩ፤ ለምን እኔ እንዳፈርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«የተፋቀው ማን እንደሆነ ንገረንና ወደ ቤትህ ሂድ» አለኝ። «እስከ ከሰዓት አስብበት።»

አጠገቤ የሚተኙት አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ስለ መሬት አዋጁ ክፉ ተናገሩ ተብለው የታሰሩ። እስረኛው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። የሆነውን ነገርኳቸው።

«ስሙን ልናገር ነው፣ የኔታ። እሱም ይቅመሳት።»

«ይገባዋል» አሉ። «ግን ልጄ፣ አንዷን ፊደል የሰው ስም ናት ካልህ፣ የቀሩት ሁለቱ ምን ሊባሉ ነው?»

ይህ አልታየኝም ነበር። የሳይንስ መምህሩ ሚስት አራስ ናት።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ሁሉም የኔ ነው በላ።»

«ሌብነት እኮ ነው፣ የኔታ። አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?»

«ዛሬን ስረቅ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከሰዓት ካድሬው ፊት ቆሜ «ፍቺው ሁሉ ከራሴ ያወጣሁት ነው» አልኩ። «ፊደሎቹ ማስታወሻ ናቸው፤ ያቺንም ተሳስቼ የፋቅኋት እኔ ነኝ።» አላመነኝም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጫማ ማድረግ አልቻልኩም፤ ውስጥ እግሬ እስኪድን ለሽንት ደግፈው የሚያወጡኝ የኔታ ነበሩ። ሁለቱን መምህራን ግን የጠራቸው የለም።

ከዓመት በኋላ ስፈታ ጓደኛዬ መንገድ ላይ አቅፎ ሳመኝ። «ላንተ ብዬ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም» አለኝ። ኋላም በየበዓሉ ቤቴ እየመጣ ጠላ ጠጥቶ፣ ስለ ዝናብና ስለ ገብሱ አውርቶ ይሄድ ነበር። እኔ የምጠብቀው አንዲት «በድዬሃለሁ» ነበር። ሳይናገራት አምና ሞተ። አፈር አልብሼዋለሁ፤ አላለቀስኩም።

ሰዎች ይቅር በል ይሉኛል። ማን ጠየቀኝና? አሁንም ያመኛል፤ እግሬን ማለቴ አይደለም። ስሙን ጻፈው፣ ታሪክ ነው የሚሉኝም አሉ። ልጽፈው ስንት ጊዜ ብዕር አንስቻለሁ። ግን ትልቋ ልጁ እዚሁ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ደም ግፊቴን በየወሩ የምትለካልኝ እሷ ናት። ደረቷ ላይ ባንጠለጠለችው መታወቂያ ከስሟ ቀጥሎ የእሱ ስም ተጽፏል። አነበዋለሁ፤ ክንዴንም እዘረጋላታለሁ።