ለእኔ ያልተሰፋው ኪስ

አንድ በደል አለኝ፤ ሳልሞት ይጻፍልኝ። በልጅነቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ከእኔ ጨርቅ የተቆረጠ ኪስ ሌላ ልጅ ቀሚስ ላይ ተሰፍቷል። ትንሽ ነገር ነው የሚለኝ ሰው ኪስ ኖሮት ያደገ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የካውያ ሽታ ነው። ባለፈው በጋ የልጅ ልጄ ናሆም ማውንተንስ ኤጅ የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ቆሞ ኪልቱን ይተኩሳል። በውሃ የራሰ ወፍራም ጨርቅ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና የልብስ ሰፊውን የጋሽ ሰይድን በረንዳ ይዞብኝ መጣ።

ኪልት ማለት ወንዶች የሚለብሱት፣ ጉልበት ላይ የሚያርፍ ሽንሽን ጉርድ ነው። እዚህ ፈረንጅ አገር እንደመጣሁ የማየው በሰልፍ ቀን ብቻ፣ ከረጢት የመሰለ የሙዚቃ መሣሪያ በብብታቸው ይዘው የሚነፉት ሰዎች ላይ ነበር። ቆይቶ ዳውንታውን እሠራበት የነበረው ሆቴል ውስጥ አንድ ሙሽራ ለብሶት አየሁ። ከዚያ ኤሲያችንን ሊጠግን የመጣው ሰውዬ ጥቁሩን ለብሶ፣ መፍቻውን ከጎን ኪሱ እየመዘዘ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ መሰላሉን የያዝኩለት አንገቴን ደፍቼ ነው። ከዚያ አውቶብስ ውስጥ፣ ከዚያ ግሮሰሪ ሰልፍ ላይ። ዛሬ ማንም ዞሮ አያያቸውም። ይኸው ቤቴም ገባ።

«ናሆም፣ ይሄ ነገር ኪስ አለው?»

«ኦፍ ኮርስ! ከጎን፣ ከፊት፣ ዌይት፣ ከኋላም አለ። ኮምፈርተብል ነው እኮ እማዬ። በዚህ ሙቀት ሱሪ ማን ይለብሳል?» አለና ለበሰው። ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ እንደ ባለ ካዚኖ ተንጎራደደልኝ።

ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ በገዛ የልጅ ልጄ ቀናሁ። ወንዶቹ ጉርዱን ይውሰዱት፤ ከነኪሱ መውሰዳቸው ነው ያንገበገበኝ።

ጋሽ ሰይድ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ መርፌያቸውን ኮታቸው ደረት ላይ ሰክተው፣ ከታች ሽርጥ ያገለድማሉ። የከሰል ካውያቸውን እፍ እፍ ብለው ያጋግሉና ውሃ በአፋቸው ጎርሰው ጨርቁ ላይ ይረጩታል። ከዚያ ሽንሽኑን በአውራ ጣታቸው ጥፍር አስምረው ካውያውን ሲያሳርፉበት እንፋሎቱ ከከሰሉ ሽታ ጋር ይወጣል። የእሳቸው ሽንሽን ዝናብ ቢመታውም አይፈታም ነበር። የትምህርት ቤት ልብስ ሲደርስ እናቶች ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ቁራጩ ለሰፊው ይቀራል፤ ደንቡ ያ ነው። የዚያን ዓመት እናቴ ዘግይታ ስለገዛች የእኔ ሰማያዊ ከሰው ሁሉ የጠቆረ ነበር።

«ጋሽ ሰይድ፣ ለእኔም እንደ ወንዶቹ ኪስ ያድርጉልኝ» አልኳቸው ሲለኩኝ።

«ለምንሽ?»

«ለጠጠሬ።» የቅልብልቦሽ ጠጠሮቼን በጭብጤ ይዤ ነበር።

«እሺ፣ ከወጣልን እናያለን» ብለው ፀጉሬን ዳበስ አደረጉኝ።

እናቴ ቀሚሱን አምጥታ ሳየው ኪስ የለውም። ሮጬ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሰው ሞልቷል። «ጋሽ ሰይድ፣ ኪሴስ?» አልኩ ጮክ ብዬ። ቀና ብለው አላዩኝም። የሽርጣቸውን ጫፍ ያዝ አድርገው «የእኔስ የታል?» አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

በሳምንቱ ልጃቸው ዘሀራ ኪስ ያለው ቀሚስ ለብሳ ትምህርት ቤት መጣች። ቀሚሷ ፈዛዛ፣ ኪሷ ጥቁር ሰማያዊ። የእኔው ጨርቅ! ስትሄድ ጠጠሯ ቅጭል ቅጭል ይላል። የእኔ በላብ በራሰ መዳፌ ውስጥ ነው፤ አስተማሪው ወደ ሰሌዳ ሲጠራኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስመለስ ወንዶቹ በትነውት አገኛለሁ። ዘሀራን ያን ጊዜ ጠላኋት። በኋላ ሆቴል ስቀጠር ዩኒፎርሜ ኪስ ነበረው፤ ግን የሰው ሳሙናና የሰው ክፍል ካርድ እንጂ የእኔ የሆነ ነገር ገብቶበት አያውቅም።

ጋሽ ሰይድ ካረፉ ቆይተዋል። ዘሀራ ግን እዚሁ ከተማ፣ አሊያንቴ ሰፈር ልጇ ጋ ነው የምትኖረው። በየሠርጉና በየለቅሶው እንሳሳማለን፤ ስለ ኪሱ ግን አፌን ከፍቼ አላውቅም። በቀደም ጉልበቷን ታማ ልጠይቃት ስሄድ የነዳልኝ ናሆም ነበር። ኪልቱን ለብሶ ሲገባ ዘሀራ ሕመሟን ረስታ ተንከተከተች።

«ያባቴ ሽርጥ ተሸንሽኖ መጣ! ዙር እስቲ የኔ ጌታ። አንቺ፣ ኪስም አለው እኮ!»

«አለው» አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ መያዝ አልቻልኩም። «እንዳንቺ ቀሚስ። የእኔን ጨርቅ አባትሽ ላንቺ የሰፋልሽ ለምንድነው?»

ሳቋን አቆመች። «ስትገላምጪኝ የኖርሽው ለዚህ ነው? አታውቂም እንዴ?»

«ምኑን ነው የማውቀው?»

«አባቴማ ሰፍቶልሽ ነበር። እናትሽ ሊወስዱ መጥተው አዩትና አስፈቱት። ላንቺ እንዳይነግርሽም አስማሉት። በራሱ ሽርጥ የቀለደው የሚለው ቢያጣ ነው፤ ማታ እራቱንም አልበላ። የተፈታው ኪስ መሬት ወድቆ ሳገኘው እኔ ነኝ ስፋልኝ ብዬ ያለቀስኩበት።»

ናሆም እጆቹን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል።

«እናቴ ምን ብላ?» አልኳት።

ዘሀራ ናሆምን በአገጯ አሳየችኝ።

«'ኪስ ካላት እንዲህ እጇን ከታ ትቆምብኛለች፤ ውሃውን ማን ይቀዳልኛል?' ብለው።»