ፓምፑን አላሳርፍ ያለው ሰውዬ

ቲማቲም ዘሪው ገና ልጅ ሳለ እንኳ፣ ለወንድሙ እንዳይተርፍ ብሎ ሳይርበው የሚበላ ነበር አሉ። የከርሰ ምድሩ ውሃ እየራቀ ሲሄድ፣ ጎረቤቶች በሳምንት ሁለት ቀን ፓምፕ ሊያሳርፉ ተስማሙ፤ በዕለቱ ሁሉም ሞተሩን ከፓምፑ የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ፈትቶ ለውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ያስረክባል። እሱ ግን አሮጌ ቺንጋ አስረክቦ በአዲሱ ሲስብ ይውላል፤ ማሳው ሲጠግብ ውሃውን መንገድ ላይ ይለቀዋል።

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ለማን ነው የምታፈሰው?" አለችው ሚስቱ።

"እኔ ካልሳብኩት ጎረቤት ይስበዋል!"

"ተባረክ! አስፋልቱ ቲማቲም ያፈራልሃል።"

አንድ ጠዋት ፓምፑ አሸዋ ተፋ። እሱ "ሰረቁኝ!" እያለ ጮኸ። ሚስቱ የልጆቿ እንጀራ የሆነው ጉድጓድ ጨርሶ እንዳይነጥፍ ብላ፣ አዲሱን ቺንጋ ፈትታ ወደ ሰብሳቢዋ አመራች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ሞተሩን በምን ላዞረው ነው?"

"በምላስህ! እሱ መቼ ደክሞት ያውቃል።"