ሙቂት ሳትወጣ እልል አይባልም

ባለፈው ሰሞን ሳጥኑን ስጎረጉር የእትዬ አስካለ ነጠላ እጄ ገባ። ጥለቱ አሁንም ደህና ነው፤ አንደኛው ጫፉ ግን ተበልቶ ክሩ ተንጨፍርሯል። ልጆቹ አይተውት «ኧረ ይጣል፣ አይጥ በልቶታል» አሉኝ። አይጥ አይደለም የበላው። የአክስቴ ጥርስ ነው። ሰው ሁሉ እልል በሚልበት ቦታ፣ ሠርግም ይሁን ክርስትና፣ እሷ ይህንን ጫፍ አፏ ውስጥ ወትፋ፣ ነክሳ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትቆም ነበር፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ የሰፈራችን ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም አልቋል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ለጋ ቅቤ ይሸተኛል። ስንት ዘመን ታጥቦ ታጥቦ ያለቀ ጨርቅ ነው፣ ምን ቅቤ ቀርቶበት ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔን ግን ይሸተኛል።

ያን ጊዜ ከተማችን አዳማ እንጂ ገና ናዝሬት አልተባለችም፤ ቤታችንም ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። አባቴ እዚያው ጣቢያ ጭነት ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፣ ማታ ሲመጣ ከጨው ጆንያው የተነሳ ትከሻው ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ደግሞ ያ ልም አቧራ በግድግዳው ቀዳዳ ገብቶ እራታችን ላይ ይበተናል፣ እኛም አሸዋውን እያንቀጫቀጭን እንበላለን። ጠዋት ጠዋት ብርድ ሲል ከደጃችን ሆነን ወደ ቦኩ ተራራ ስናይ ከድንጋዩ ስንጥቅ እንፋሎት ይወጣል። አባቴ በየቀኑ ተነስቶ ፊቱን እየታጠበ «ያኛውም ባቡር ሊነሳ ነው» ይላል፣ እናቴ ድንቅነሽም በየቀኑ አዲስ እንደሰማች ሁሉ ትስቃለች።

በዚያ በሚያጨሰው ስንጥቅ ውስጥ ነበር ሙቂቶች የሚኖሩት። ይህን ስናገር ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ይተያዩ። ሙቂት ቁመቷ ከድመት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ፊቷ ሽኮኮ ይመስላል፣ ጠጉሯ አመድማ ነው፤ መዳፏ ግን ጠጉር የሌለው፣ ልስልስ ያለ፣ ከድንጋዩ ሙቀት የተነሳ ሁልጊዜ ትኩስ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ወገቧ ላይ ያንን መዳፍ ስታሳርፍባት ጭንቁ ቀለል ይላል፣ ተጋድሞ የመጣውንም ልጅ ከውጭ እየዳሰሰች፣ እየገፋች ታቃናዋለች። ልጁ ከወጣ በኋላም ሥራዋ አያልቅም፤ የእንግዴ ልጁ ወጥቶ ደሙ እስኪቆም ሆዷን እያሸች እጇን አታነሳም። በሷ እጅ የወለደች ሴት ሞተች ሲባል በሰፈራችን ተሰምቶ አያውቅም ነበር።

የምታመጣት ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ነበረች። አርሲ ተወልዳ በባሏ ንግድ ምክንያት አዳማ የቀረች፣ ቀጭን፣ ቆጣ ቆጣ የምትል ሴት ናት። ለጋ ቅቤ በቅጠል ይዛ ስንጥቁ አፍ ላይ ካለው ትኩስ ድንጋይ ላይ ታኖራለች፣ የምታምጠውን ሴት ስም ትጠራለች፣ ከዚያ «ኮቱ፣ ያ ሃዳ» እያለች፣ ነይ እናቴ እያለች፣ ትለማመጣለች። ቅቤው ሲቀልጥ ሙቂት ትወጣለች። የቆየ ቅቤ ከሆነ ደግሞ ትወጣና ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ሌላ እስኪመጣላት ንቅንቅ የለም። ፀሐይ ስለማትወድ አዴ ጫልቱ በአንቀልባ አዝላ፣ ተከናንባ ነበር የምታመጣት፣ እኛ ልጆቹም ሰፈሩን ሁሉ ያዋለደችው ባልቴት እንደ ሕፃን ታዝላ ስትመጣ እያየን በሳቅ እንፈርሳለን። ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ትመጣለች። አንድ ቀን ቄሱ ጸበል ቢረጩባት ፊቷን ጠርጋ ሥራዋን ቀጠለች እየተባለ ሲወራ ኖሯል።

ስትመለስ ግን ጥላ ጥላውን ይዛ በገዛ እግሯ ነው የምትሄደው፣ ማንም አይከተላትም፤ ከቤት ወጥታ ከመንደሩ እስክትርቅም እልል አይባልም። ምክንያቱን አዴ ጫልቱ ነግራናለች። ጅብ ወደ ስንጥቁ ሲጠጋ እቤት የቀሩት የሙቂት ልጆች እናቶቻቸውን የሚጠሩት እልልታ በሚመስል ድምፅ ነው፤ እናቲቱ ያንን ከሰማች ልጆቼ ተበሉ ብላ በእጇ የያዘችውን ሁሉ ጥላ ትሮጣለች። ስለዚህ በሰፈራችን ልጅ ሲወለድ ሴቶቹ ደስታቸውን በአፋቸው ይዘው፣ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ በር በሩን እያዩ ይጠብቃሉ። እሷ ስትርቅ ነው መንደሩ የሚቀልጠው።

እናቴ ከእኔ በኋላ የወለደቻቸው ሁለቱ አልበረከቱላትም፤ አንደኛውን ኩፍኝ ወሰደው፣ ሌላኛዋን ምን እንደወሰዳት አላወቅንም። እንደገና ስታረግዝ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ልታርሳት ከቡልጋ መጣች። እትዬ አስካለ መካን ነበረች፤ «የወንድሜን ቤት ሙሊልኝ» ብላ ለማርያም የተሳለችው ስለት አገር ያወቀው ነው። ሌላው አገር ያወቀው ነገሯ እልልታዋ ነው። ቡልጋ ሠርግ ካለ ከሙሽራይቱ እናት ቀጥሎ የምትጠራው እሷ ነች፣ ሙሽራው ከነበቅሎው እስኪደነግጥ ድረስ ታቀልጠዋለች እያሉ አባቴና እናቴ ሲያወሩ እሰማለሁ። አዴ ጫልቱም ይህንን ሰምታ ስለነበር ገና ምጡ ሳይመጣ፣ ውሃ ስትቀዳም፣ ደጅ ስትጠርግም እየጠበቀች ነገሩን ደጋግማ አስረዳቻት፤ በመጨረሻ እትዬ አስካለ ተቀየመችና እኔ እኮ ሕፃን አይደለሁም፣ ሰምቻለሁ፣ አለቻት።

ምጡ የመጣው በጠዋት ነው። አዴ ጫልቱ ሙቂትን አዝላ ስትገባ እኔን ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ከውስጥ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ይሰማኛል፣ ነፋሱ አቧራውን ያዞረዋል፣ የጅቡቲው ባቡር ገብቶ ጮኾ ወጣ። ረፋዱ ላይ የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ፤ በደስታ ተነስቼ ቆምኩ። ከዚያ እልልታው መጣ። ያን የመሰለ እልልታ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ሰምቼ አላውቅም፤ ጥርት ያለ፣ ረጅም፣ ስንት ዓመት ተጠራቅሞ የኖረ። ለሴት ልጅ የሚባለው ሦስት ነው፣ እትዬ አስካለ ግን ሁለተኛውን አልጨረሰችም። ሙቂት በእግሬ አጠገብ እንደ ጥይት አለፈች፤ መዳፏ ገና ደም ነበረው። ወደ ቦኩ ስትሮጥ ዞራ እንኳን አላየችም። ምን ትፈርድባታላችሁ? እናት ነች።

የእንግዴ ልጁ አልወጣም ነበር። ሴቶቹ የሚያውቁትን ሁሉ ሞከሩ፣ ደሙ ግን አልቆም አለ። አዴ ጫልቱ ሌላ ቅቤ ይዛ ተራራው ድረስ በሩጫ ሄደች፤ ድንጋዩ ላይ አኖረች፣ የእናቴን ስም ጠራች፣ ለመነች፣ ቅቤው ቀልጦ በድንጋዩ ላይ ፈሰሰ፣ የወጣ የለም። ድመት ልጆቿን የነኩባት እንደሆነ በአፏ አንጠልጥላ ሌላ ቦታ እንደምትሸሽግ ሁሉ ሙቂቶቹም ልጆቻቸውን ይዘው ሄደዋል።

ከሰዓት በኋላ እናቴን እንድስማት አስገቡኝ። ፊቷ ነጥቷል፣ ልጅቱን ደረቷ ላይ አድርገውላታል። እትዬ አስካለ ጥግ ላይ መሬት ተቀምጣ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች፣ የሚያናግራት የለም። እናቴ ስትፈልጋት፣ በዓይኗ ስትዞር ቆይታ አገኘቻት።

«አይዞዎት እትዬ አስካለ» አለቻት። «ለልጄ እልል የሚልላት ባይኖር ይከፋኝ ነበር።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

እትዬ አስካለ ወደ ቡልጋ አልተመለሰችም። አባቴ ልጅቱን ምትኬ አላት፤ እህቱን አንድም ቀን ክፉ አልተናገራትም፣ ግን ጠዋት ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ስለ ቦኩ እንፋሎት መቀለዱን ተወ። አዴ ጫልቱ ክረምቱን ሙሉ በደጃችን ስታልፍ ፊቷን ታዞር ነበር፤ አንድ ጠዋት ምትኬ በርሃብ ስታለቅስ ሰምታ የፍየል ወተት ይዛ ገባች፣ «አካም ቡልቴ» አለች፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው፣ እትዬ አስካለም እግሯ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች ልጅቱን አብረው አሳደጓት። ምጥ የመጣ ጊዜ ሁሉ አዴ ጫልቱ ቅቤ ይዛ ከመሄድ አልቦዘነችም፣ እትዬ አስካለም ተከትላት ትሄድና ራቅ ብላ ነጠላዋን ነክሳ ትቆማለች። የወጣች ሙቂት አልነበረችም። በሰፈራችን የስንት ሴት ሬሳ ወጣ፤ እትዬ አስካለ የሁሉም ለቅሶ ላይ መጨረሻ ድረስ ትቀመጥ ነበር።

እኔ እናቴን ስለማውቃት እትዬ አስካለን እትዬ እንዳልኳት ቀረሁ። ምትኬ ግን እማ ነበር የምትላት። ምትኬ ስትዳር እልልታው ሰፈሩን ሲያናውጠው እማዋ ነጠላ በአፏ ወትፋ እንባዋ ይወርድ ነበር። ምትኬ ስታረግዝ ነው እትዬ አስካለ አስቀምጣ ሁሉንም የነገረቻት፣ ከራሷ አፍ ይሻላል ብላ። ምትኬ ሰምታ ስትጨርስ ተነስታ ጉልበቷን ሳመቻት።

የወለደችው ሐኪም ቤት ነው። እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ዓይኗ ደክሟል፤ እጇን ይዤ አስገባኋት። ሕፃኗ ስታለቅስ ገና ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ምትኬ ከአልጋው ሆና አየቻት።

«እማ፣ እልል በይላት እንጂ» አለቻት። «አሁን ማን ይሸሻል ብለሽ ነው?»

እትዬ አስካለ መጀመሪያ ነርሷን የእንግዴ ልጁ ወጥቷል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ከወጣ ቆይቷል እማማ፣ አለቻት። ደሙስ? ቆሟል። ከዚያ ነጠላውን ከአፏ አወጣች። ድምጿ ሻክሮ፣ ተሰባብሮ ነበር፣ መሃል ላይ ሳል አቋረጣት፤ እሷ ግን ሦስቱንም አደረሰች።

እትዬ አስካለም አዴ ጫልቱም ካለፉ ቆዩ። ቦኩ አሁንም ያጨሳል፤ ሰው ወገቡን ሲያመው እንፋሎት ሊታጠን ይሄዳል፣ በዚያ ስንጥቅ ማን ይኖር እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ዛሬ ልጅ ሲወለድ ጠብቁ የሚል የለም፤ ሕፃኑ ገና አፉን ሲከፍት ቤቱ በእልልታ ይናጋል፣ ደስ ይላል። እኔ ብቻ ነኝ ወደ ኋላ የምቀረው። መጀመሪያ ወደ በሩ አያለሁ፣ ዝቅ ብዬ፣ ከደፉ አጠገብ፤ ማንም እንደማይወጣ እያወቅሁ ትንሽ ጠብቄ፣ ከዚያ እልል እላለሁ።