ውሃ ያልነካው ጨርቅ

ሰፈሩ «መቀሷ» ይላታል። ስሙ የወጣላት በእጇ መቀስ ይሁን በምላሷ እስካሁን አልተለየም፤ ሁለቱም ከነኩ አይምሩም። ልብስ ሰፊ ናት። ከሱቋ ጀርባ ባለችው ክፍል ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናቲቱ አስም አለባቸው፤ ትንሽ ከተራመዱ ደረታቸው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል።

መቀሷ በሥራዋ አንድ የማይሻር ሕግ አላት፤ አዲስ ጨርቅ ውሃ ሳይነካው መቀስ አይነካውም። ደንበኛ ለነገ ይድረስልኝ ብሎ ቢወድቅ ቢነሳ አትሰማም። ጨርቁ ይነከራል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይደርቃል፤ ተሰብስቦ የሚያጥረው ካጠረ በኋላ ነው የሚቆረጠው። በዚህ ምክንያት ከእጇ የወጣ ሱሪ አጠረብኝ ብሎ የተመለሰ የለም፤ ይህንንም ላገኘችው ሁሉ ከመናገር ቦዝና አታውቅም።

ወረርሽኙ ሰዉን ሲያምስ ከርሞ አዲስ ክትባት ደረሰ ሲባል፣ ይቺው ሕግ ከጨርቅ አልፋ ወደ ሰው ተሻገረች። እናቷ «ጤና ጣቢያ ለአዛውንቶች መስጠት ጀመረ አሉ» ከማለታቸው መቀሷ ቱግ አለች።

«እነማን ናቸው ‹አሉ›? ትናንት የተሠራ መድኃኒት ነው፣ ገና ውሃ አልነካውም። መጀመሪያ ሌላው ይወጋና ይታይ። ከዚያ እኔው ራሴ እወስድሻለሁ።»

«እስከዚያ በሽታው ቢቀድመኝስ?»

«ከቤት ካልወጣሽ ማን ያመጣብሻል?»

መቀሷ ለእናቷ የምትሳሳ መሆኗ ሐሰት አይደለም። ግን ደንበኛው ሁሉ እያስነጠሰ ሲገባ ሲወጣ በሚውልበት ሱቅና በእናቷ አልጋ መካከል ያለው አንድ መጋረጃ ነው። በሽታ መጋረጃ አይቶ ይመለሳል ያላት ማን እንደሆነ እንጃ።

በዚያ ሰሞን ሁሉም ያበግናት ነበር። ሬዲዮው ተከተቡ ሲል ሬዲዮውን ትቆጣለች፤ አትከተቡ የሚል ሲመጣ ደግሞ እሱን። አንድ አስተማሪ ኮት ሊያስጠብብ መጥቶ ክትባቱ ሰው ያደነዝዛል ብሎ ቢጀምራት፣ «አንተን ሳትከተብ ማን አደነዘዘህ?» ብላ ኮቱን ይዞ እንዲሄድ አደረገችው።

ሱቁ ውስጥ አብራት የምትሠራ ልብስ የምትተኩስ ሴት አለች፤ ባለካውያዋ ይሏታል። ማንንም ሳታማክር አንድ ጠዋት ሄዳ ተከተበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀሷ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። ገና ከበር ስትገባ «ክንድሽ እንዴት አደረ? እስቲ ከፍ አድርጊው» ትላታለች። ምሳ ስትበላ ጉርሻዋን ታያለች። ስታዛጋ «ደከመሽ እንዴ?» ትላለች። ባለካውያዋ የዋህ ናት፤ ያቺ ምላሰኛ እንደ እህት አሰበችልኝ ብላ ለጎረቤቶቿ ሁሉ አወራች።

አንድ ቀን ታዲያ መቀሷ ለደንበኛ ስትናገር ሰማቻት። «እናቴን አልቸኩልባትም። ባለካውያዋ ተወግታለች፤ እስቲ ትንሽ ትታይ። እሷ ምንም ካልሆነች እንከተላለን።»

ባለካውያዋ ካውያውን አቆመችው። ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቀች።

«እትዬ፣ እኔን ነው እንዴ የነከርሽኝ?»

«ምን አልኩሽ ደግሞ?»

«በእኔ እጅ የእባብ ጉድጓድ እየለካሽ ነው። እኔም ልጆች አሉኝ። ቢያመኝ ኖሮ ምን ልትይ ነበር? ‹ጎሽ፣ እንኳን ቀደመችን›?»

መቀሷ በእርግጥም እንዲህ ነበር የምትለው፤ ራሷም ታውቀዋለች። ይቅርታ ማለት አንድ ቃል ነው። እሷ ግን ጥፋቱ የራሷ ሲሆን ቁጣዋ የሚብስባት ሴት ናት። «ካልተስማማሽ በሩ ክፍት ነው» አለቻት። ባለካውያዋ አልሄደችም፤ ልጆቿን በምን ልታበላ? ብቻ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ከሥራ ጉዳይ በቀር ቃል አልተለዋወጡም፤ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ነበር።

ሰንበት ብሎ፣ ሱቁ ዝግ በሆነበት ቀን፣ መቀሷ ለእናቷ ቀሚስ ልትሰፋ ሜትሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ትከሻቸውን ለካች፣ ወገባቸውን ለካች፤ የእጅጌውን ስፋት ልትይዝ ሜትሩን በክንዳቸው ዙሪያ ስታጠብቀው እናቲቱ «ውይ» ብለው ሸሹ። እጅጌያቸውን ሰበሰበችው። ክንዳቸው አብጧል፤ ትንሽ ፕላስተር ተለጥፎበታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተከተብኩ» አሉ እናቲቱ። «ከትናንት ወዲያ ጨርቅ ልትገዢ ስትሄጂ ባለካውያዋ ወሰደችኝ። እኔ ነኝ የለመንኳት፤ እሷን አትናገሪያት።»

መቀሷ ደሟ ፈላ። «እኔን ሳትጠይቂ! ትኩሳት ቢነሳብሽስ? ትንፋሽሽ ቢዘጋስ?»

«ትኩሳቱስ ተነስቶብኝ ነበር።»

«መቼ?»

«የዚያኑ ዕለት ማታ። ማቃሰቴ እንዳይሰማሽ ብርድ ልብሱን አፌ ላይ አድርጌ አነጋሁ።»

«እኔ እዚህ አጠገብሽ ተኝቼ? ለምን አልጠራሽኝም?»

«ፈራሁሽ።»

ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ ረጋ ብለው ነው ያሉት። መቀሷ ለመቆጣት አፏን ከፈተች፤ የምትቆጣው ሰው አጣች። ሬዲዮው የለም፣ አስተማሪው የለም፣ ባለካውያዋ የለችም። ራሷን ተቆጥታ ደግሞ አታውቅም፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፋት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አፈረች፤ ማፈሯም ራሱ አናደዳት።

«ሁለተኛው መቼ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«በሚመጣው ወር።»

«እኔ እወስድሻለሁ። እኔም አብሬሽ እከተባለሁ።»

እናቲቱ እጅጌያቸውን ወደ ታች መለሱ።

«አንቺ ተከተቢ፣ ደግ ነው። እኔን ግን ባለካውያዋ ትውሰደኝ» አሉ። «አንቺ ስትቆጪ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ልጄ።»