ማተቧ ላይ የታሰረው ቁልፍ

የጓዳውን ቁልፍ ማተቧ ላይ ያሰረችው ታላቅ እህቴ ራሷ ናት። አዲስ አበባ ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና አስቀንሼ ደብረ ብርሃን እንደተመለስኩ፣ «እታለም፣ ቀን ቀን ራሴን እችላለሁ፤ ሌሊት ግን አልታመንም። ጓዳውን ቆልፊብኝ» ብዬ ለመንኳት። ዶክተሩ ከእራት በኋላ አፍሽ ይዘጋ ብሎኛል። እሱ ምን አለበት! የእኛን አገር ብርድ አያውቀው። ሌሊት ስነቃ የሚታየኝ ምግብ ብቻ ነው።

ቁልፉን ከመስቀሏ አጠገብ ቋጥራ «በዚች ማተቤ፣ ብታለቅሺም አልከፍትልሽ» አለችኝ። ሆስፒታል አብራኝ የተንከራተተችው እሷ ናት፤ እሷን ያላመንኩ ማንን ልመን?

ቀለል አልኩ። ጉልበቴ አረፈ፣ የጫማዬን ክር ጎንበስ ብዬ ራሴ ማሰር ቻልኩ፣ «የሁለት ሰው ቦታ ያዝሽ» የሚለኝ የባጃጅ ሾፌርም ጠፋ። ተመልሼ ከወፈርኩ ግን ያ ሁሉ ስቃይ ከንቱ እንደሚሆን አውቅ ነበር።

አንድ ሌሊት ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ የጓዳው በር ገርበብ ብሏል። መደርደሪያው ላይ አንድ ሳህን ጭኮ አለ፤ የገብስ በሶ በቅቤ ርሶ፣ ታሽቶ። ረስታው ነው አልኩና በላሁ። ጨጓራዬ አልቀበልም አለች። ላብ አጠመቀኝ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትንሽ ሲሻለኝ፣ ማፈሪያ ነኝ፣ ደገምኩ።

ጠዋት ስነግራት «አይዞሽ፣ ሰው አይደለሽ እንዴ?» ብላ አቀፈችኝ። በሩ ግን ደጋግሞ ተረሳ፤ ሚዛኑም ወደ ላይ ይል ጀመር። ሆዳም፣ ከንቱ እያልኩ ራሴን ረገምኩ። እሷን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኳትም።

ጉዱን ያወጣችው ጎረቤታችን ናት፤ ከእህቴ ጋር ጽዋ የምትጠጣ ሴትዮ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አገላብጣ ሳመችኝና «እሰይ! ፊትሽ ተመለሰልሽ። እህትሽን ይባርካት፤ ሌሊት እንድትበላልኝ ጭኮ አስቀምጬላት ነው የምተኛው ስትለን ነበር» አለችኝ።

ወይ ጉድ! ያኔ ትዝ ያለኝ ቅቤው ነው። በዚህ ብርድ ቅቤ ወዲያው ይረጋል፤ ያ ጭኮ ግን ሁልጊዜ ለስላሳ ነበር። የምነቃበትን ሰዓት ጠብቃ፣ አሙቃ ነው የምታስቀምጥልኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ቤት እንደገባሁ ጮኽኩባት። «አንቺ ማተብ የለሽም?»

«ምን ላድርግ? ከሳች፣ በሽታው ይዟታል አሉኝ። ሆዷን አስቆረጠች ልበል? ትንሽ ሥጋ ብትለብሺ ዝም ይላሉ ብዬ ነው።»

«ለሰው አፍ ብለሽ ሸጥሽኝ?»

«ለሰው ብቻ አይደለም። መክሳትሽ አንጀቴን በላው። ስትበዪ ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማሽ ነበር እኮ። እሰይ፣ በላችልኝ፣ እል ነበር።»

«ስበላ ከሰማሽ፣ ሳለቅስስ?»

ቁልፉን ከማተቧ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አላት።

«ሰምቻለሁ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

አሁን ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ሌሊት ስነቃ ከጓዳው የሚከለክለኝ ሰው የለም።